ቅቤው ሳይቀልጥ እመለሳለሁ ብዬ ምዬ ነበር

ወገኖቼ፣ ዛሬ ከጣርማ በር እስከ መሐል ሜዳ ባለው መንገድ ላይ አንድ ሚኒባስ በአጠገባችሁ አልፎ ድንገት ዶሮ ወጥ የሸተታችሁ ካላችሁ፣ በጣም ይቅርታ። እኔ ነበርኩ።

አይ፣ ዶሮ አልበላሁም። ምነው በበላሁ!

በሉ ሳቁና ጨርሱ። እኔም መብራት ሳይሄድ፣ ኔትወርኩም ሳይጠፋ ጉዴን ልንገራችሁ። ቻርጄ ሊያልቅ ነው፣ ክብሬ ቀድሞ አልቋል፣ የቀረኝ ይሄ ፖስት ብቻ ነው።

ለአዲስ ተከታዮቼ፣ ጌታነህ እባላለሁ፣ ጌቾ በሉኝ። የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ። በሥራ ቀን ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ በዕረፍቴ በከተማችን የኪነት ቡድን ውስጥ ማሲንቆ እመታለሁ። ፕሮፋይሌ ላይ የምታዩት ያ ትልቅ ጎፈሬ የእኔ ነው።

ነበር። ቆዩ፣ እሱ ጋ እንደርሳለን።

ያለፈው ወር ጉራዬን ታስታውሳላችሁ አይደል? የግመል ፎቶ ለጥፌ «በረሃ ልሄድ ነው!» ያልኩት? አፋር በረሃ ላይ የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ሊደረግ ነው። ድንኳን፣ ግመል፣ ሠዓሊ፣ ዘፋኝ፣ አሸዋ ላይ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሕዝብ! የእኛም ቡድን ታጭቷል። ቡድናችን ርቆ ሄደ ከተባለ ደብረ ብርሃን ድረስ ነው፣ እሱም ለበዓል። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ያየሁት ከባዱ ሙቀት የዳቦ ቤት ምድጃ ነው።

ስለዚህ ዝግጅት ጀመርኩ።

ጥቁር መነጽር ገዛሁ። ሸበጥ ገዛሁ። ሸበጡን ለመልመድ ብዬ በመሐል ሜዳ ውርጭ ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቤት ስመላለስበት ጣቶቼ ደንዝዘው የሰው እግር ተውሼ የምሄድ መሰለኝ። ሙቀቱን ለመልመድ ደግሞ ዳቦ ቤት ገብቼ ምድጃው አጠገብ ማሲንቆዬን መገዝገዝ ጀመርኩ። ጋጋሪው ለትንሽ ጊዜ ታገሠኝ። ከዚያ «ወይ ዳቦ ግዛ፣ ወይ ሊጥ አቡካ፣ ወይ ውጣልኝ!» አለኝ።

ወጣሁ። ሙቀቱ ግን ተስማምቶኝ ነበር።

ብቻ ለሁሉም ነገር ተዘጋጅቻለሁ ብዬ አምኜ ነበር። ለእናቴ አልተዘጋጀሁም።

እናቴ ወይዘሮ አስካለ ከመንዝ ወርዳ አታውቅም። ለእሷ ከጣርማ በር በታች ያለው አገር በሙሉ በረሃ ነው። ደብረ ሲና በረሃ ነው። ሮቢት በረሃ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ባሕር ሲታይ እንኳ «ይሄ ደግሞ የት ያለ በረሃ ነው?» ትላለች።

ምክንያት አላት። ታላቅ ወንድሜ ካሳ ከዓመታት በፊት ወደ አዋሽ በኩል ለጥጥ ለቀማ ወርዶ ነበር። «ለፋሲካ መጣሁ» ብሏት ነው የሄደው። ስንት ፋሲካ አለፈ! ደህና ነው፣ እዚያው አግብቶ፣ ወልዶ ይኖራል፣ በዓል በመጣ ቁጥር ይደውላል። እሷ ስቃ አናግራው፣ መርቃው፣ ስልኩን ትዘጋና ወደ ጓዳ ትገባለች። እኔም አልከተላትም።

ስለዚህ እኔ «ፌስቲቫል» ስላት ድንኳኑም ግመሉም አልታያትም። «ሁለተኛው ልጄም ሊሄድብኝ ነው»፣ ይኸው ነው የታያት።

የዛሬው ጉዞ በረሃው ራሱ አልነበረም። የሙከራ ነው። የፌስቲቫሉ አስተባባሪ፣ ሰብለ የምትባል ልጅ፣ ከአዲስ አበባ ሮቢት ድረስ መጥታ እኛን አይታ ልትወስን ነበር። የቡድናችን መሪና ከበሮ መቺ ጋሽ ተክሌም «ጥሩ ነው፣ ቆላውን ቀምሰን እንመለሳለን» አሉ። ጠዋት ወርደን፣ ተጫውተን፣ ሳይመሽ ቤታችን።

እናቴ ግን ጠዋት ልወጣ ስል «ና እዚህ ቁጭ በል» አለችኝ።

ቁጭ አልኩ። በእጇ የያዘችውን ሳይ ደነገጥኩ።

ቅቤ! አደስ የገባበት የራስ ቅቤ። ጡጫ የሚያህል!

«እማዬ፣ እኔ እኮ ወንድ ነኝ!»

«ወንድ ፀሐይ አይመታውም? ምች ሰው መርጦ ነው እንዴ የሚመታው? ይሄን ጫካ ተሸክመህ በረሃ ወርደህ አናትህ ይፍላልህ? ዝም በል!»

ዝም አልኩ። እናንተም ብትሆኑ ዝም ትሉ ነበር፣ እናቴን አታውቋትም። ያን የሚያህል ቅቤ ጎፈሬዬ መሐል ደልደል አድርጋ አስቀመጠችው፣ ዙሪያውን ጸጉሬን ሰብሰብ አድርጋ ከደነችው፣ በላዩ ላይ የሱፍ ቆቤን ደፋችልኝ። በመስታወት ሳየው ማንም አይጠረጥርም። ራሴ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ቁመት ጨመርኩ ብዬ ተጽናናሁ።

ከዚያ ዋናው መጣ።

«አሁን ማልልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ይሄ ቅቤ ቀልጦ ሳያልቅ እመለሳለሁ ብለህ።»

ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

እዚህ ላይ የቤታችንን ሰዓት ላስረዳችሁ፣ ያለዚያ አይገባችሁም። እናቴ መንገድ ስትሄድ በቀን አትቆጥርም፣ በቅቤ ነው የምትቆጥረው። ዘመሮ ከተማ እህቷ ጋ ስትሄድ ራሷን ትቀባና በሻሽ ጠፍንጋ «ቅቤው ሳይቀልጥ መጣሁ» ትለናለች። የመንዝ ብርድ ደግሞ ቅቤን መቼ ይነካዋል! ዘመሮ ሄዳ፣ ገበያ ውላ፣ ክርስትና በልታ፣ የታመመ ጠይቃ፣ ተመልሳ ሻሹን ስትፈታ ቅቤው እንደተቀመጠ አገኘዋለሁ። የሰፈራችን እናቶችም እንደዚሁ ናቸው። አንዷ ቆይታ ስትመጣ «ዘገየሽ» የሚላት የለም፣ ሻሿን ፈታ ታሳያለች፣ ክርክሩ ያበቃል።

ስለዚህ አስቡት እስቲ። ጠዋት ሄጄ ሳይመሽ የምመለስ ሰው ነኝ። አናቴ ላይ ያለው ደግሞ ሳምንት የሚከርም ቅቤ ነው። ከዚህ የቀለለ መሐላ የት ይገኛል?

«እናቴ ትሙት፣ ሳይቀልጥ እመለሳለሁ!» አልኩ።

አዎ። በእናቴ። ለእናቴ። ፊቷ ቆሜ!

አፌ ነው የቀደመኝ፣ ልማድ ነው፣ እናንተስ በቀን ስንቴ ትሏታላችሁ? እሷ ግን አልሳቀችም። ጣቷን አፍንጫዬ ላይ ቀስራ «ከቀለጠ ግን ያንን በረሃህን እርሳው» አለችኝ። የምሯን ነበር። እኔም የምሬን «እሺ» ብዬ፣ ማሲንቆዬን አንግቼ፣ ቅቤዬን ተሸክሜ ወጣሁ።

እስከ ጣርማ በር ድረስ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ጉም፣ ብርድ፣ የሚኒባሱ መስታወት በትንፋሽ ተሸፍኗል። ቆቤን ከላይ ጫን ጫን እያደረግኩ ቅቤውን እፈትሸዋለሁ። ድንጋይ! በልቤ «እማዬ፣ ተበልተሻል» አልኩ።

የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ጀመርን።

ጃኬቴን ከፈትኩ። ትንሽ ቆይቼ አወለቅኩት። ደብረ ሲና ስንደርስ ጆሮዬ ላይ አንድ ነገር ጠብ አለ።

ላብ ነው ብዬ ጠረግኩት። እጄን አየሁት። ላብ እንደዚህ አያብለጨልጭም!

ጋሽ ተክሌ አጠገቤ ከበሯቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ዞር ብለው አዩኝ፣ አሸተቱ።

«ጌታነህ፣ አልቦሃል?»

«አዎ ጋሼ፣ ሙቀቱ ነው።»

«ላብህ አደስ አደስ ይላል» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ጋሽ ተክሌ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሰው ሲዋረድ ትኩር ብለው አያዩም።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አልነግራችሁም። በቆብ፣ በመሐረብ፣ በማሲንቆ ጨርቅ፣ በመጨረሻም በሾፌሩ የመስታወት መወልወያ ጠረግኩ። አይቆምም! ሮቢት ስንወርድ የሸሚዜ ኮሌታ ተነክሮ ነበር። እናንተ ደጋ የተወለዳችሁ፣ ስሙኝ፣ መንዝ ላይ የሚቀባ ቅቤ የመንዝ ብርድ ታስቦ ነው የሚቀባው!

ያን ጊዜ ነው መሐላዬ ትዝ ያለኝ። ገና መድረክ ላይ ሳልወጣ፣ ገና ሰብለን ሳላያት፣ በረሃዬ አንገቴን ይዞ ወደ ጀርባዬ እየፈሰሰ ነበር።

ግን ሰብለ ካለችበት ግቢ «ግቡ» ተባልን።

ጋሽ ተክሌ ደግሞ «በርኖስ ልበሱ!» አሉ። በዚያ ሙቀት! በርኖስ ለማታውቁት፣ በእኛ በጎች ሱፍ የሚሠራ፣ ብርድ ሲያየው የሚሸሸው ጥቁር ካባ ነው። «ጋሼ፣ እንሞታለን» አልናቸው። «የመንዝ ሰው በርኖስ ለብሶ ይሞታል» አሉን። ለበስን።

ሰብለ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀናለች። ቀጭን፣ ፈገግታ የማይለያት፣ በእጇ ውሃ የያዘች። ገና ስታየኝ «አንተ ነህ ባለ ጎፈሬው! ፎቶህን አይቻለሁ፣ እስቲ ቆቡን አውልቀው!» አለችኝ።

ምን ላድርግ? አወለቅኩት።

ጎፈሬዬ የለም። ተኝቷል። ግንባሬ ላይ ተለጥፎ በፀሐይ ያብረቀርቃል። ቀጥሎ የሮቢት ዝንቦች መጡ። አንድ ሁለት አይደሉም፣ ቤተሰብ ይዘው ነው የመጡት!

ሰብለ አፏን በእጇ ያዘች። ጋሽ ተክሌ ከበሮውን መቱ። ጨዋታው ተጀመረ።

ማሲንቆዬን አነሳሁ፣ ደጋኑን ሳብኩ።

ዝም።

ደግሜ ሳብኩ። ዝም! ለካ ፊቴን ሁሉ የጠረግኩበት እጄ የደጋኑን የፈረስ ጭራ ነክቶታል። ጭራ ቅባት ከነካው አውታሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አያለቅስም። ማሲንቆ የሚመታ ሁሉ ያውቀዋል፣ ለዚህም እኮ ነው ጭራው እንዲይዝ የዛፍ ሙጫ የምናሸው። እኔም አውቀዋለሁ! አውቄ ምን ልሁን፣ እጄ ቅቤ፣ ፊቴ ቅቤ፣ መጥረጊያዬ ቅቤ።

ከበሮው ይመታል፣ የቡድናችን ልጆች ይጨበጭባሉ፣ እኔ መሐላቸው ቆሜ ድምፅ የሌለው ማሲንቆ እገዘግዛለሁ። ከሩቅ ላየኝ እንጨት የሚቆርጥ ሰው ነው የምመስለው። ጋሽ ተክሌ በዓይናቸው «ምን ሆንክ?» ይሉኛል። አንድ ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ተመቻችቶ ተቀምጧል።

አለቀልኝ አልኩ። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ ፌስቲቫሉም፣ መሐላውም። ልቅሶ መጣብኝ፣ የምሬን ነው። እናም አፌ ልቅሶ ሲመጣ የማሲንቆ መቺ አፍ የሚያደርገውን አደረገ። ማሲንቆውን ዝቅ አድርጌ በባዶ ድምፄ አወጣሁት፦

«ቅቤ ጭኜ መጣሁ ከደጋው ባናቴ፣
ፀሐይ ቀማችብኝ፣ ምን ልበል ለናቴ!»

ከዚያ ጋሽ ተክሌ ሳቃቸው አመለጣቸው፣ ከበሮውን ሳቱት፣ መልሰው ያዙት። ልጆቹ ግጥሙን ተቀበሉኝ። በአጥሩ በኩል ቆመው የሚያዩ የሮቢት ሰዎች «ድገመው!» አሉ። ደገምኩት። ሰብለ ዕንባዋን እየጠረገች ነበር፣ የሳቅ ይሁን የሌላ አላወቅኩም።

ስንጨርስ መጥታ «ይሄ ቡድን ይመጣልኛል» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ፖስተራችን ላይ ያንን ያንተን ፎቶ ነው የምናደርገው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመጣ ጎፈሬህን በደንብ አበጥረህ ና» አለችኝ።

ሁሉም ዘለሉ። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ።

ምክንያቱም በረሃው ተፈቅዶልኛል፣ ግን በሰብለ ነው እንጂ በወይዘሮ አስካለ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ወገኖቼ፣ ጭንቅላቴ ሥራ የጀመረው። ባይጀምር ይሻል ነበር! ቅቤ ከቀለጠ ሌላ ቅቤ ይገዛል፣ አናት ላይ ይቀመጣል፣ ቆብ ይደፋል፣ ማን ያውቃል?

ሮቢት ገበያ ሮጥኩ። «ቅቤ አለ?» «ሞልቷል!» አለችኝ ነጋዴዋ። ቅቤ ብላ ያወጣችልኝ በጠርሙስ ነው! እንደ ዘይት ወዲያ ወዲህ ይላል። «የሚረጋ የለሽም?» ስላት ከላይ እስከ ታች አየችኝና «እዚህ አገር ምን ይረጋል?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ስንመለስ ሽቅብ በወጣን ቁጥር ተስፋዬም አብሮ ወጣ። ጣርማ በር ላይ ሻይ ለመጠጣት ቆምን። ብርዱ ተቀበለኝ፣ ልስመው ምንም አልቀረኝም። ምግብ ቤቱ ጓዳ ገብቼ ወጥ ሠሪዋን ለመንኳቸው።

«እናቴ፣ ትንሽ ቅቤ ይሽጡልኝ።»

«ያለኝ የተነጠረ ነው፣ ለወጥ።»

«የረጋ ነው?»

«በዚህ ብርድ እንዴት አይረጋ!»

ከዚያ ወዲያ ጥያቄ አልጠየቅኩም። በማንኪያ ቆፍረው በላስቲክ ሰጡኝ። እዚያው ጓዳቸው በር ላይ ቆቤን አውልቄ አናቴ ላይ ስጠፈጥፈው አዩኝ። አማተቡ። «ልጄ፣ ጤና ነህ?» አሉኝ። «ደህና ነኝ እናቴ፣ መሐላ አለብኝ» ብያቸው ወጣሁ።

የተነጠረ ቅቤ ውስጥ ምን እንደሚገባ እናንተ ታውቃላችሁ። ኮሰረት። ኮረሪማ። እርድ። እኔ ያን ጊዜ አላሰብኩትም፣ ሚኒባሱ ውስጥ በሩ ተዘግቶ የሰው ትንፋሽ ሲሞቅ ነው የገባኝ።

ጋሽ ተክሌ አሸተቱ። ሞላሌን ሳናልፍ ሁሉም አሸተተ።

«ምሳ ቋጥሮ የደበቀ ካለ ያውጣው፣ አብረን እንብላ!» አሉ ጋሽ ተክሌ።

ማንም አላወጣም። እኔ መስኮት መስኮቱን አየሁ።

መሐል ሜዳ ስንደርስ ገና ብርሃን ነበር። እናቴ በራፍ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ከሩቅ ስታየኝ ሁለት እጇን ወደ ደረቷ አደረገች። ከዚያ ምንም እንዳልተጨነቀች ሆና «መጣህ?» አለችኝ።

«መጣሁ! ቅቤውም አለ!» አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ! ሌባ አፉ መቼ ያርፋል።

ቆቤን አነሳችው። አየች። ጎንበስ ብላ አሸተተች። በጣቷ ነካ አደረገች፣ ጣቷን አየችው፣ ቢጫ ሆኗል። ግንባሬን አየችው፣ እሱም ቢጫ ሆኗል። ድመታችን ከጓዳ ወጥታ እግሬ ሥር ቆማ ትጮህብኛለች።

«ጌታነህ» አለች። ሙሉ ስሜን ስትጠራ ነገር አለ።

«አቤት።»

«አናትህ ላይ ሽንኩርት ልክተፍበት ወይስ ይሄው ይበቃዋል?»

ከዚያ ግምገማው ተጀመረ። በየመሥሪያ ቤቱ ስንት ግምገማ አለፈ፣ እንዲህ ያለው አልገጠመኝም! አንድም አልደበቅኩም። ደብረ ሲና ላይ ጠብ ያለውን፣ ዝንቡን፣ ዝም ያለውን ማሲንቆ፣ በጠርሙስ ያለውን ቅቤ፣ የወጥ ሠሪዋን ማማተብ፣ ሁሉንም። በመጨረሻም «እማዬ፣ በአንቺ ምዬ ነበር፣ ይቅር በይኝ» አልኩ። አንገቴን ደፋሁ፣ ሲደፋ ደግሞ ኮሰረት ኮሰረት ሸተተኝ።

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። በቃ፣ በረሃው ሄደ፣ ፖስተሩ ሄደ፣ ቡድኑ ያለ ማሲንቆ ይሄዳል ብዬ አሰብኩ።

ቀና ስል ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

እያለቀሰች መሰለኝ። እየሳቀች ነበር! ድምፅ አልባ፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ። ከዚያ ድምፁ ወጣ። መደቡ ላይ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ እንደገና ተቀመጠች። «በጠርሙስ? ቅቤ በጠርሙስ?» እያለች ትጠይቀኛለች፣ ሳልመልስላት ደግማ ትስቃለች። ካሳ ከወረደ ወዲህ እንደዚህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እኔም ሳቅኩ፣ ሳልፈልግ ዕንባዬም አብሮ መጣ።

ሳቋ ሲበርድላት ዓይኗን ጠረገች።

«ካሳ ሲሄድ ቸኩሎ ሳልቀባው ነው የወጣው» አለች። «ብቀባው ኖሮ ይመለስ ነበር እያልኩ ስንት ዓመት ተቃጠልኩ። ለካ ቅቤው እዚያ ደጃፍም አይደርስ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አንተ ቀለጠብህ» አለች። «ሌላ ቢሆን አንዴ ቀልጧል ብሎ እዚያው ይቀር ነበር። አንተ ወጥ ወጥ እየሸተትክም ቤትህ መጣህ። በል ሂድ በረሃህን።»

ወገኖቼ፣ እፎይ! ከጠዋት ጀምሮ የያዝኩት ትንፋሽ ያን ጊዜ ነው የወጣው። እጇን ሳምኳት። እጇም ቢጫ ሆኗል።

ግን አላለቀም። ከእናቴ ጋር መቼ ቶሎ ያልቃል?

ውሃ አሞቀች። ሳሙና አመጣች። አጠበችኝ፣ አሸችኝ፣ ደግማ አጠበችኝ። የአደሱ ቅቤና የወጡ ቅቤ ተጋብተው አንላቀቅም አሉ። ድመቷ ከበራፍ አልሄድ አለች። በመጨረሻ እናቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝና «ይሄን ውሃ አያወጣውም» አለች። ሄዳ ምላጭ ይዛ መጣች።

አዎ።

ያ ጎፈሬ፣ ስንት ላይክ የሰበሰበው ጎፈሬ፣ ፖስተር ላይ የሚወጣው ጎፈሬ፣ አሁን ጓሮ ነው ያለው። ነፍስ ይማር ማለት ለምትፈልጉ ኮሜንቱ ክፍት ነው።

ለሰብለ ኢንቦክስ አደረግኩላት። «ይቅርታ፣ ጎፈሬው የለም» ብዬ አዲሱን ራሴን ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። አየችው። ስልኩን እንደያዝኩ ጠበቅኩ። ከዚያ መልሷ መጣ፣ «ፖስተሩን እንቀይረዋለን። የቅቤዋን ዘፈን ብቻ እንዳትረሳት፣ እናትህንም ሰላም በልልኝ!» ይላል። ለእናቴ አነበብኩላት። «የሰው ልጅ ጨዋ ናት» አለች፣ ደስ ብሏት ነው።

እና አሁን ጭንቅላቴ ብርዱን አልቻለውም፣ የእናቴን ሻሽ አስሬ ቁጭ ብያለሁ። ቀለል ብሎኛል። ራሴም ቀለል ብሎኛል፣ ልቤም ቀለል ብሎኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ በረሃ ነኝ!

አንዲት ነገር ብቻ ከንክናኛለች።

እናቴ ላጭታኝ ስትጨርስ መላጣዬን መታ መታ አድርጋ «ቅቤ አያስተማምንም» አለች። «አሁን ማልልኝ። ይሄ ጸጉር ጆሮህ ላይ ሳይደርስ እመለሳለሁ በል።»

ጸጉር እኮ ነው! መቼ ይደርሳል! ሳቄን ዋጥኩና፣ ከዛሬ ምንም ሳልማር፣ ፊቷ ቆሜ ማልኩላት።

አሁን ነው ማሰብ የጀመርኩት። ቅቤውንም እንደዚሁ ብዬ ነበር። በረሃ የኖራችሁ፣ አፋር የሠራችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ ኮሜንት አድርጉልኝ፦ ሙቀት ላይ ጸጉር ቶሎ ያድጋል እንዴ?!

አሁንም በእናቴ ነው የማልኩት።